የአሥራ ስድስት ሰዓቱ ውሸት

ስልኩን ከፍቶ «ለፈተና እንዴት ልዘጋጅ» ብሎ የፈለገ ሰው ምን እንደሚመጣለት ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ የጠረጴዛ መብራትና የተደረደሩ መጻሕፍት፣ ከሥሩ ሆድ የሚያባባ ፒያኖ፣ ከዚያ ድምፁን ያወፈረ ሰው፦ «ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሣ። ጓደኞችህን ተዋቸው። በቀን 16 ሰዓት አጥና። ሌላው ሲተኛ አንተ አንብብ። ካልቻልክ ከልብህ አልፈለግከውም ማለት ነው!» በመጨረሻም በአራት ቀለም ያሸበረቀ ሠንጠረዥ ይመጣል፤ «ፒዲኤፉን በቴሌግራም ቻናላችን ታገኙታላችሁ።»

ጸቤ ከዚያ ሠንጠረዥ ጋር ነው። ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ ከባድ ነገር በራሱ ነውር የለበትም። ጸቤ ውሸት ስለሆነ ነው። ዋጋ የማያስከፍል ውሸት ቢሆን ኖሮ ስቀን ባለፍነው ነበር። ይሄኛው ግን ሰው ይጥላል፤ ያውም ፈተናው አዳራሽ ሳይደርስ።

የማወራው ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤት የቅጥር ፈተና ነው። ገብታችሁበት የማታውቁ ካላችሁ ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ማስታወቂያ ይወጣል፣ አንድ ወይም ሁለት ክፍት ቦታ ይኖራል፣ ለዚያች ቦታ ስንትና ስንት ሰው ይመዘገባል፣ ከተመዘገበው የተመረጠው ለጽሑፍ ፈተና ይጠራል፣ ያለፈው ደግሞ ለቃለ መጠይቅ። ወረቀቱ ላይ ከሙያው ጥያቄ ሌላ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የማመዛዘን ጥያቄ፣ አንዳንዴም ሕገ መንግሥቱና የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ይቀላቀሉበታል። ፈተናው ደግሞ የሥራ ፈላጊ ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከአሥር ሺህ በላይ ሠራተኞቹንና አመራሮቹን ለጽሑፍ ፈተና አስቀምጧል። ልጅ የሚያሳድግ፣ ዕቁብ የሚጥል፣ ደመወዙን ቆጥሮ የሚያደርስ ሰው እንደገና ደብተር ገዛ።

ይህ ትውልድ ለፈተና እንግዳ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተናው መጣ፤ ዓመታት የተማረ ሰው ዲግሪውን ለመያዝ እንደገና 50 ማምጣት ግድ ሆነበት። ከዚያ የቅጥሩ ፈተና ይቀጥላል። ፍርሃት ባለበት ሁሉ ፍርሃት የሚነግድ አይጠፋም። የ16 ሰዓቱ ሠንጠረዥ የበቀለው እዚህ መሬት ላይ ነው።

እስቲ እንቁጠረው

ወረቀት አውጡና አብረን እንቁጠር። ሳምንት 168 ሰዓት ነው፤ ለሚኒስትሩም ለጥበቃውም። አዲስ አበባ ውስጥ መንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ ለተሻለ ቦታ ልትወዳደር ያሰበች አንዲት ሴት እንውሰድ። መደበኛ የሥራ ሰዓቷ በሳምንት 39 ነው። የምሳውን ጊዜ ስንጨምርበት 45 ሰዓት ከመሥሪያ ቤቷ አትርቅም። እንቅልፍ በቀን 7 ሰዓት ብንሰጣት 49 ይሆናል። ታክሲ ተሰልፋ፣ አውቶቡስ ጠብቃ፣ ሄዳ ተመልሳ በቀን 3 ሰዓት ቢፈጅባት በአምስት ቀን 15። ማብሰል፣ መብላት፣ መታጠብ፣ ልብስ፣ ቤት፣ ገበያ በቀን 3 ሰዓት ብንል 21፤ ልጅ ካላት በዚህ ቁጥር ትስቅብናለች። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ዕድር፣ ለቅሶ፣ የታመመ መጠየቅ፣ የጓደኛ ሠርግ፣ ሲደመር በሳምንት 10። ጠቅላላው 140 መጣ። የቀራት 28 ሰዓት ነው።

ከ28ቱ ውስጥ ደግሞ ግማሹ የደከመ ሰዓት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መጽሐፉ ተከፍቶ ዓይን የሚከደንበት፣ ልክ ሲጀመር መብራት የሚጠፋበት፣ «አንዴ ብቻ» ተብሎ ስልክ ተነሥቶ አርባ ደቂቃ የሚሄድበት። ይህንን ስንቀንስ እውነተኛ የጥናት ጊዜዋ 14 ሰዓት ነው። በሳምንት። በቀን 16 ተብሎ የተሰበከላት ሴት እጅ ላይ ያለው በሳምንት 14 ነው!

«ሥራ የሌለውስ?» ትሉኛላችሁ። እሱ የተሻለ ጊዜ አለው፤ ግን የሚባለውን ያህል አይደለም። ሥራ ፍለጋ ራሱ ሥራ ነው። ማስታወቂያ ማሳደድ፣ ዶክመንት ኮፒ ማድረግ፣ ለምዝገባ መሰለፍ ቀን ይበላል። በዚያ ላይ ሥራ የሌለው ልጅ የቤቱ ሁሉ ተላላኪ ነው። መብራት ኃይል ክፍያ ያለበት፣ ወፍጮ ቤት የሚሄድ፣ አክስቱን ሐኪም ቤት የሚያደርስ እሱ ነው፤ «አንተ እንኳ ሥራ የለህም» ይባላላ! እሱም ቢሆን በቀን አራት ወይም አምስት ንጹሕ ሰዓት ካገኘ እግዚአብሔር ይመስገን ይበል።

አብሳዩስ ማን ነው?

«ግን እኮ እገሌ 16 ሰዓት አጥንቶ አልፏል!» የሚል አይጠፋም። ልመን። እገሌ ሲያጠና ምሳውን ማን ሠራለት? ልብሱን ማን አጠበለት? የቤት ኪራዩን ማን ከፈለ? እነዚያ 16 ሰዓቶች ከሰማይ አልወረዱም፤ ከሌላ ሰው ቀን ላይ ተቆርጠው የመጡ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ከእናት ወይም ከእህት ቀን። በስንት ቤት ነው ወንድምየው «እያጠና ነው፣ አትረብሹት» እየተባለ፣ ለዚያው ፈተና የተመዘገበችው እህቱ ቡና የምታፈላው? የእሱ ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ የእሷ ጥናት ዕቃ ከታጠበ በኋላ ነው። ሁለቱ አንድ ክፍል ገብተው አንድ ወረቀት ይሠራሉ። ውጤቱ ሲወጣ «እሱ ጎበዝ ነው፣ እሷ ትሰንፋለች» ይባላል።

እንግዲህ የ16 ሰዓቱ ስብከት የሚናገረው ስለ ጉብዝና ይመስላል እንጂ ስለ ኑሮ ነው። ሌላ ሰው የሚሸከመው ሰው ያወጣውን ዕቅድ፣ ሌላ ሰው ለሚሸከም ሰው «ይኸው አድርገው» ብሎ መስጠት ነው።

ይህ መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት ህንድን ማየት ይበቃል። ለህንድ የሲቪል ሰርቪስ ፈተና በየዓመቱ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ያመለክታል፤ የሚፈለገው ግን አንድ ሺህ ገደማ ነው። ልዩ ድጋፍ የማይመለከተው ተወዳዳሪ እስከ 32 ዓመቱ ድረስ 6 ጊዜ መሞከር ይችላል፤ እናም ብዙ ወጣት የሃያዎቹን ዕድሜ በሙሉ ለዚህ ይሰጣል። በዴልሂ ለፈተናው የሚያስጠኑ ተቋማት፣ የሚከራይ ጠባብ ክፍልና የሚከፈልበት የማንበቢያ ወንበር የሞላባቸው ሰፈሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ኦልድ ራጂንደር ናጋር በሚባለው ሰፈር በአንድ ማስጠኛ ተቋም ምድር ቤት የነበረ ቤተ መጻሕፍት በድንገት በጎርፍ ተሞልቶ ሦስት ተፈታኞች ሞቱ። የገደላቸው ጥናት አይደለም፤ ጎርፍና የሰው ግዴለሽነት ነው። ግን ወጣትን ከምድር በታች አስቀምጦ ወንበሩን በወር የሚያከራይ ገበያ የሚቆመው «ያላለፍከው በቂ ሰዓት ስላልተቀመጥክ ነው» በሚል እምነት ላይ ነው። እኛ ጋ ያ ገበያ ገና ልጅ ነው። ስብከቱ ግን ቀድሞት ደርሷል።

አእምሮ ሲያቅድ ይዋሻል

ሠንጠረዡን ያወጣው የቲክቶክ ሰባኪ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ችግሩ ራሳችንም ብዕር ስናነሣ እንዋሻለን። እ.ኤ.አ. በ1994 ቢውለር፣ ግሪፊንና ሮስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚሠሩ የካናዳ ተማሪዎችን «በስንት ቀን ትጨርሳላችሁ?» ብለው ጠየቁ። አማካይ መልሱ 33.9 ቀን ነበር። «ነገር ሁሉ ቢበላሽባችሁስ?» ሲባሉ 48.6 አሉ። በተግባር የፈጀባቸው 55.5 ቀን ነው። ልብ በሉ፤ ከመጥፎው ግምታቸውም በላይ ፈጅቶባቸዋል። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ሰው ሲያቅድ የሚያየው ሥራውን ብቻ ነው፤ ለቅሶውን፣ ጉንፋኑን፣ የመብራቱን መጥፋት አያይም።

የእኛ ቀን መቁጠሪያ ደግሞ ለዚህ ስህተት የተመቸ ነው። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን ነው፤ በዚያ መሀል «ሁለቱን ምዕራፍ እጨርሳለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው በግ ገበያውንም፣ ዘመድ ጥየቃውንም፣ ታቦት አጅቦ መመለሱንም አላሰበም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ቅዳሴ ቆሞ ከሰዓት በኋላ የሚበላ ሰው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሒሳብ አይገባውም። ረመዳን ሲገባ ሌሊትና ቀን ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ከሱሑር በኋላ ያለችው ሰዓት ወርቅ ትሆናለች፣ ከአስር ሰላት በኋላ ያለችው ትሞታለች። ይህ ሁሉ «እንቅፋት» አይደለም። ሕይወታችን ነው። ሕይወትን እንቅፋት ብሎ የሚጀምር ዕቅድ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን ማንም አያይም።

አሁን ወደ ጉዳቱ ልምጣ። ሰውየው የ16 ሰዓቱን ሠንጠረዥ ሰኞ ይጀምራል። ሰኞ 9 ሰዓት ያጠናል፤ ይህ በእውነቱ የሚገርም ነው፣ ግን ሠንጠረዡ «7 ሰዓት ይጎድላል» ይለዋል። ማክሰኞ 6። ረቡዕ ለቅሶ ተጠራ። ሐሙስ የጎደለውን ለማካካስ 20 ሰዓት ሊያጠና ይነሣል፤ ከሰዓት በኋላ ራሱን ያመዋል። ዓርብ ሠንጠረዡን ያጥፈዋል። በአራት ቀን ውስጥ ከ15 ሰዓት በላይ የሠራ ሰው «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ይደመድማል። ስንቱ ነው ተመዝግቦ፣ መፈተኛ ቁጥር ይዞ፣ «አላነበብኩም» ብሎ በፈተናው ቀን የቀረው? እሱን የጣለው ፈተናው አይደለም። ፈታኙም አላየውም። የጣለው ሠንጠረዡ ነው።

እሺ፣ ምን ይደረግ?

መቃወም ብቻ ቀላል ነው፤ ስለዚህ ሌላውን ሠንጠረዥ ልዘርዝር። ለዚያችው በሳምንት 14 ሰዓት ላላት ሴት።

አሥር ሳምንት ብትይዝ 140 ሰዓት አላት። የካናዳዎቹን ተማሪዎች እናስታውስ፤ ያሰቡት በአንድ ተኩል እጥፍ እና ከዚያ በላይ ረዝሞባቸዋል። ስለዚህ 140 ሰዓት ላይ የ140 ሰዓት ሥራ አትጫን። 85 ሰዓት ብቻ ትጫን። የቀረው 55 ሰዓት የልቅሶ፣ የጉንፋን፣ የበዓልና «ይህን ነገር ለካ አላውቀውም» የሚባልበት ነው። ይህንን ባዶ ቦታ እንደ ስንፍና የሚያይ ሰው በመኪና ሲሄድ መለዋወጫ ጎማ ለምን ትይዛለህ እንደሚል ሰው ነው።

ከ85ቱ ውስጥ 35ቱን ለሙያዋ፣ 20ውን ለሒሳብና ለማመዛዘን ጥያቄ፣ 15ቱን ለእንግሊዝኛ፣ 15ቱን ለሕጎቹ ትስጥ። ማስታወቂያው ሌላ የሚል ከሆነ ትቀይረው። ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጽ ነው። በአንድ ሌሊት ሊውጡት የሚሞክሩ አሉ፤ ጠዋት ላይ የሚያስታውሱት አንቀጽ 39ን ብቻ ነው፣ እሱንም ከክርክር ያውቁት ነበር። በአንድ ቁጭታ ስምንት ስምንት አንቀጽ ቢነበብ ግን በ14 ቁጭታ ያልቃል። ግማሽ ግማሽ ሰዓት ብትሰጠው በጠቅላላው 7 ሰዓት ነው። ያ የሚያስፈራው ነገር ሰባት ሰዓት ብቻ ነበር!

ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉም ይልቅ ለእኛ አገር ፈተና የሚጠቅም ይመስለኛል። የፈተናው ቀን አይታወቅም። ማስታወቂያው መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም፤ ከወጣም በኋላ ስልክ ተደውሎ «ከነገ ወዲያ ነው» ሊባል ይችላል። ስለዚህ «መጀመሪያ ሙያውን ልጨርስ፣ ከዚያ እንግሊዝኛ፣ በመጨረሻ ሒሳብ» የሚል ቅደም ተከተል አደጋ ነው፤ ስልኩ በስድስተኛው ሳምንት ከተደወለ ሒሳብ ጨርሶ አልተነካም። አራቱም በየሳምንቱ ይነኩ። ለምሳሌ ሰኞና ረቡዕ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ሙያ፣ ማክሰኞ ሒሳብ፣ ሐሙስ እንግሊዝኛ፣ ዓርብ ምንም፣ ቅዳሜ 5 ሰዓት በሁለት ተከፍሎ፣ እሑድ ከሰዓት 3 ሰዓት ሕጎቹና የሳምንቱ ክለሳ። ሲደመር 14። በዚህ አካሄድ ስልኩ በየትኛውም ሳምንት ቢደወል በአራቱም የተወሰነ ስንቅ አላት።

ማስታወቂያ እስኪወጣ መጠበቅም አያዋጣም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እንግሊዝኛውና ሒሳቡ የትም መሥሪያ ቤት ቢሆን ብዙም አይለወጥም፤ ዛሬ ቢጀመር የሚባክን ነገር የለውም።

ከዚያ ሰዓቱ ውስጥ ምን ይደረጋል? አብዛኞቻችን ጥናት የምንለው ሀይላይተር ይዞ ደጋግሞ ማንበብን ነው። ገጹ ቢጫ ይሆናል፤ ጭንቅላቱ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ሙከራ አድርገው ነበር። ተማሪዎቹ አንዱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበቡ። ሌላውን ጽሑፍ ደግሞ አንድ ጊዜ አንብበው፣ ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡትን የበለጠ አስታወሱ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ዘግተው ከጻፉት 56 በመቶውን ሲያስታውሱ ደጋግመው ካነበቡት 42 በመቶው ላይ ቀሩ። ደጋግሞ ማንበብ የሚያታልለው በዚህ ነው፤ በዚያው ማታ የገባችሁ ይመስላችኋል። ፈተናው ግን በዚያው ማታ አይደለም።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁጭታ ግማሹ መጽሐፉ ተዘግቶ ይለፍ። ጥያቄ ሥሩ። ጥያቄ ካላገኛችሁ ራሳችሁ አውጡ፤ ወይም ያነበባችሁትን ለታናሽ ወንድማችሁ አስረዱት፣ እሱ እንደሆነ «አልገባኝም» ለማለት አያፍርም። ያነበባችሁትን በማግስቱ፣ ከዚያ በሳምንቱ፣ ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱበት። እንቅልፍን አትንኩ። የተማራችሁት ነገር የሚረጋው ተኝታችሁ ሳላችሁ ነው፤ «ሌላው ሲተኛ አንተ አንብብ» የሚለው ሰው የተነበበውን ከጭንቅላታችሁ እንድታባርሩት ነው የሚመክራችሁ።

«ሁሉም በዘመድ ነው» ለምትሉ

ይህን ሳነብ የሚመጣው አስተያየት ይታየኛል። «ምን ያደርጋል? ቦታው አስቀድሞ ለሰው ተይዟል፣ ፈተናው ለይስሙላ ነው።» ይህ የሚሆንበት ቦታ የለም ብዬ አልከራከርም። ሞኝ አይደለሁም። ግን ይህ ክርክር የሚደግፈው ማንን እንደሆነ አስቡት።

ውጤቱ ሙሉ በሙሉ በእጃችሁ ካልሆነ፣ ያላችሁን ሁሉ በአንድ ፈተና ላይ ማስያዝ እብደት ነው። ጤናችሁን፣ ጓደኞቻችሁን፣ የያዛችሁትን ትንሽ ሥራ ለ16 ሰዓት ሠንጠረዥ ሰጥታችሁ ቦታው ለሌላ ሰው ቢሄድ፣ ሁለት ጊዜ ተዘረፋችሁ ማለት ነው። በሳምንት 14 ሰዓት ሰጥታችሁ ብትወድቁ ግን የጎደላችሁ በሳምንት 14 ሰዓት ብቻ ነው። እንግሊዝኛችሁ ተሻሽሏል፣ ሒሳባችሁ ተስሏል፣ ሥራችሁ አለ፣ ጓደኛችሁ አልተቀየመም። ለቀጣዩ ማስታወቂያ ቆማችሁ ትሄዳላችሁ። ዕቅድ የሚመዘነው ሲሳካ በሚያስገኘው ብቻ አይደለም፤ ሳይሳካ ሲቀር በሚተወውም ነው። ብትወድቁ እንኳ የማያከስራችሁ ዕቅድ ነው እውነተኛው ዕቅድ።

«ሰነፍን እያባበልክ ነው» የምትሉም አላችሁ። በተቃራኒው ነው። 16 ሰዓት መጻፍ ምንም አይጠይቅም፤ እርሳስና ምኞት ይበቃዋል። 14 ሰዓት ጽፎ አሥር ሳምንት ሙሉ ማክበር ነው ጀግንነቱ። ማክሰኞ ማታ ደክሟችሁ፣ ዝናብ መትቷችሁ ገብታችሁ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሒሳብ ሠርቶ መተኛት። ሙዚቃ የለውም። ማንም አይቀርጸውም። ቪዲዮ ቢሠራ ማንም አያየውም።

ለፈታኞቹም አንድ ቃል አለኝ። ሰው እንዲያቅድ ከፈለጋችሁ የሚታቀድበት ነገር ስጡት። ፈተናው ምን ምን እንደሚይዝ፣ ከየትኛው ስንት እንደሚመጣ፣ በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ ማስታወቂያው ላይ ማስፈር ምን ያስወጣል? ሦስት መስመር ነው። ከነገ ወዲያ ተብሎ የሚጠራ ፈተና የሚለካው ችሎታን አይደለም፤ በዚያች ቀን ሥራ ፈቅደውለት፣ ከክፍለ ሀገር አውቶቡስ አግኝቶ፣ ልጁን የሚይዝለት ሰው ኖሮት የመጣውን ነው። ብቁ ሠራተኛ እንፈልጋለን እያሉ ብቁው እንዲዘጋጅ ጊዜ መንፈግ ወይ ግዴለሽነት ነው፣ ወይ ሌላ ነገር ነው። ሌላው ምን እንደሆነ ከላይ «በዘመድ ነው» ያሉት ነግረዋችኋል።

እናንተ ግን ዛሬ ማታ ሠንጠረዥ አትሥሩ። ለሰባት ቀን ያህል ትንሽ ደብተር ያዙና የምታደርጉትን ብቻ ጻፉ፤ ስንት ሰዓት ተኛችሁ፣ ስንት ሰዓት ታክሲ ጠበቃችሁ፣ ስንት ሰዓት ስልክ ላይ ሄደ። ማንም አያየውም፣ ስለዚህ አትዋሹ። በስምንተኛው ቀን የቀረውን ቁጠሩ። 14 ይሆናል፣ ወይም 9፣ ወይም 20። ትንሽ ቢመስላችሁም አትናቁት፤ የእናንተ የሆነው እሱ ብቻ ነው። ለሁለት ክፈሉትና በግማሹ ጀምሩ።